የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለአንድ ወረዳ ስንት ፖሊስ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነዋሪ ነኝ። አንድ ሌሊት ሁለት በሬዎች ከበረት ተነድተውብን ወንድሜ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቢደውል፣ ተረኛው «ብቻዬን ነኝ፤ እስረኛ ጥዬ መውጣት አልችልም» አለው። ሲነጋ ዱካ ተከትለን ብንሄድ ከብቶቹ ወንዝ ተሻግረው ኖሯል። የተባበሩት መንግሥታት ለ450 ሰው አንድ ፖሊስ ይመደብ ብሏል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ የእኛ ወረዳ ይህን ያህል የማያገኘው ለምንድን ነው? የሚመድበውስ ማን ነው?

መልስ፦ ከቁጥሩ እንነሣ። «ለ450 ሰው አንድ ፖሊስ» የሚለው መለኪያ በየአገሩ ስብሰባ ይጠቀሳል እንጂ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሮች ሁሉ እንዲከተሉት ያወጣው እንዲህ ያለ መስፈርት የለም። ለነገሩ ስሌቱን ብንሠራው እንኳ፣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የመጨረሻ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም ከ2 ሚሊዮን 150 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ስለነበረው፣ ዞኑ ያኔ 4 ሺህ 800 ያህል ፖሊስ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ሰውን እንጂ መንገድን አይቆጥርም። በደብረ ማርቆስ ከተማ ተረኛው በእግሩ በሩብ ሰዓት የሚደርስበት ጥሪ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ወይም በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ባለ ቀበሌ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ ላይደረስ ይችላል።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ጉዳይ የተቀጠረው ፖሊስ ብዛት ሳይሆን፣ በአንድ ሰዓት ላይ ለጥሪ ሊወጣ የሚችለው ሰው ብዛት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ አንድን የጥበቃ ቦታ ሌት ተቀን ለመሸፈን ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል፤ የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታሰብ አምስት ይሆናል። እንበልና አንድ ወረዳ 40 ፖሊስ አለው። ኃላፊውን ጨምሮ 6ቱ የአስተዳደር፣ የመዝገብና የንብረት ክፍል ሥራ ይይዛሉ፤ 5ቱ መርማሪዎች፣ 3ቱ ትራፊክ ናቸው። የጣቢያውን በርና የተጠርጣሪዎችን ማረፊያ በሁለት ሰው ሌት ተቀን ለመጠበቅ 10 ሰው ይሄዳል። ተጠርጣሪ አጅበው ፍርድ ቤት ለሚመላለሱ 4 ቢመደቡ የሚተርፉት 12 ናቸው፤ እነዚህ በአምስት ሲካፈሉ በማንኛውም ሰዓት ለጥሪ ዝግጁ የሚሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው። በተግባር ይህ የሚካካሰው ፖሊሱ የዕረፍት ሰዓቱን እየሰጠ ነው። በዚያ ሌሊት ለወንድምዎ የመለሰው ተረኛ ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ የታሰረ ሰው ካመለጠበት ተጠያቂው እርሱ ነው።

የእስረኛው ጉዳይ ከሌላም አቅጣጫ መታየት አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። ፍርድ ቤቱ ሩቅ በሆነ ቁጥር አጃቢው ቀኑን ሙሉ ከጣቢያው ይርቃል። ስለዚህ በዋስ ሊለቀቅ የሚችል ሰው ያለ በቂ ምክንያት በማረፊያ ቤት ሲቆይ፣ የግለሰቡ መብት ከመጓደሉ በላይ የእርስዎ ቀበሌም ፖሊስ ያጣል።

መዳቢውን በተመለከተ፣ በአንቀጽ 52 መሠረት የክልል ፖሊስ ማደራጀትና ማስተዳደር የክልሉ ሥልጣን ነው። ሆኖም ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳዎች ከክልሉ በጥቅል የሚሰጣቸውን ድጎማ ለየመሥሪያ ቤቱ የሚያከፋፍለው የወረዳው ምክር ቤት ነው። የወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤትም ከጤና፣ ከትምህርትና ከግብርና ጋር በዚሁ ድርሻ ይወዳደራል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል፣ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው፣ ማለትም ነዳጅ፣ ጎማ፣ የስልክ ካርድና ወረቀት፣ ጥቂት ነው። ሠላሳ ፖሊስና የሚንቀሳቀስ አንድ ሞተር ሳይክል፣ ከአርባ ፖሊስና ከቆመ መኪና እንደሚሻል መከራከር እንችላለን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ለቀበሌዎ የምክር ቤት ተወካይ ጥያቄውን ማቅረቢያው ጊዜ ግንቦት ነው። «ፖሊስ ይጨመርልን» ከማለት ይልቅ «ሌሊት ስንት ተረኛ አለ? በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህሉ ገና አውድማ ላይ ሳለ፣ ተረኛው ወዴት ይመደባል?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 የታተመ ጥናት፣ ከፖሊስ ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ ከአድራሻዎቹ 3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደመጡ አሳይቷል። የእርስዎ ወረዳ ሚኒያፖሊስ አይደለም፤ ነገር ግን የከብት መሻገሪያው መልካ፣ የገበያው ዳርና የጠላ ቤቱ መንደር የትኞቹ እንደሆኑ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የጣቢያው የዕለት ሁኔታ መዝገብም ይመሰክራል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት ይህ ሁሉ መደበኛ አሠራር በብዙ ቦታ እንደተዛባ እናውቃለን፤ እዚህ የገለጽነው ሰላም በሰፈነበት ጊዜ ሊሠራ የሚገባውን ነው።

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ነኝ። ገንዘብ አዋጥተን ለጣቢያው ነዳጅ ብንገዛ ችግር አለው?

መልስ፦ ለፖሊስ አባል በእጅ አይስጡ። ገንዘብ ከሆነ በመንግሥት ሕጋዊ ደረሰኝ ገቢ ይሁን፤ ዕቃ ከሆነ ንብረት ክፍሉ ተቀብሎ ሞዴል 19 የተባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይቁረጥላችሁ። ከዚህም በላይ አንድ ነገር አስቡበት፦ ነዳጁን የሰጠው ሱቅ አካባቢ ብቻ ሞተሩ የሚዞር ከሆነ፣ መዋጮ ያልቻለችው ጉሊት ቸርቻሪ ያለ ተረኛ ትቀራለች። ስለዚህ መዋጮው ለየትኛው ሰፈር የሚለውን ሳይጠቅስ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ገቢ ቢሆን ይመረጣል።