«እኔ ሹፌሯ ነኝ» ያሉት ባል

ጥያቄ

«ዕድሜዬ 36 ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። ባለቤቴ 31 ዓመቷ ሲሆን ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች፤ በየቀኑ በሚኒባስ ሐረጎን ትወርዳለች፣ ትወጣለች። ከተጋባን አምስት ዓመት ሆኖናል፤ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ከአንድ ነገር በስተቀር ሰላም ነን። ባለቤቴ የሳይንስ ልብ ወለድ ፍቅር አለባት። ስለ ጠፈር መርከብና ስለ ሌላ ዓለም ፍጡራን የሚተርክ መጽሐፍ ከያዘች እንቅልፍ የላትም። ይህን እያወቅኩ ነው ያገባኋት። የማላውቀው፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው የገጸ ባሕርያቱን ልብስ ለብሰው የሚውሉበት ጉባኤ መኖሩን ነበር።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አነስ ያለ ስብሰባ ነበርና ስለለመነችኝ አብሬያት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ በር አጠገብ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ ዋልኩ። አንድ ወጣት መጥቶ ‹እርስዎስ ምን ዓይነቱን ነው የሚወዱት?› ሲለኝ ‹እኔ ሹፌሯ ነኝ› አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ስንመለስ ግን ከደብረ ብርሃን እስከ ኮምቦልቻ አንድ ቃል አልተናገረችም።

አሁን ደግሞ ናይሮቢ በሚካሄድ ትልቅ ጉባኤ ላይ አብረን እንገኝ አለችኝ። እቁብ ደርሷታል። እኔ በዚያ ገንዘብ ሳሎናችንን እናስጨርሳለን ብዬ አስቤ ነበር። በዚህ መሐል ቁም ሣጥን ውስጥ ዕቃ ስፈልግ ለእኔ የተሰፋ ረጅም ግራጫ ካባ አገኘሁ። ሳልሰማ በአሮጌ ኮቴ ለክታ ነው የሰፋችው። ‹መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?› ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ ወዲህ ‹ብቻዬን እሄዳለሁ› ብላለች። እናቴ ‹ልጅ ያላት ሴት ምን ነክቷት ነው? ጤናም አይደለም› ትላለች። እኔም እዚያ ያሉ ወንዶች ፎቶ ሲያነሷት ማየት አልፈልግም። ልከልክላት? ዝም ብዬ ልተዋት? ወይስ ሳልወድ አብሬያት ልሂድ?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ ካቀረቡልኝ ሦስት አማራጮች አንዱንም አልወደድኩትም። መከልከሉን በአጭሩ ልለፈው። ሠርታ የምታድር፣ ልጅ የምታሳድግና ከራሷ ደመወዝ እቁብ የጣለች ሴት ብትከለከል ምናልባት ትቀር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን የምትወደውን ሁሉ ከእርስዎ ደብቃ መውደድ ትጀምራለች፤ ያኔ የሚጽፉልኝ ደብዳቤ ከዚህኛው የከፋ ይሆናል።

የእናትዎን ጥያቄም ቶሎ እንመልሰው። ሥራዋን፣ ልጇንና ትዳሯን ሳትበድል የምትወደው ነገር ያላት ሴት ታማለች አይባልም። የፊዚክስ መምህርት ስለ ጠፈር ጉዞ ስታልም ማየት እኔን አያስደነግጠኝም፤ እንዲያውም ተማሪዎቿ ዕድለኞች ናቸው ባይ ነኝ።

ረጋ ብለን ልናየው የሚገባው «እኔ ሹፌሯ ነኝ» ያሉባትን ቅጽበት ነው። ያ ወጣት ያቀረበልዎ ጥያቄ ግብዣ ነበር። «እኔ እንኳ ብዙም አላውቅ፣ አዋቂዋ ባለቤቴ ናት፤ አንተስ ምን ትወዳለህ?» ቢሉት ኖሮ ምንም ሳይዋሹ ከሰዎቹ ጋር በተቀመጡ ነበር። የሰጡት መልስ ግን «እኔ ከዚህ ነገር የለሁበትም፤ አድርሼ መመለስ ብቻ ነው ሥራዬ» የሚል ነው። ባለቤትዎ ለምን እንደሳቀች ልገምት። ባሏ በሰው ፊት ሲቀልድ የማትስቅ ሚስት ባሏን ታሳፍራለች። ስለዚህ እዚያ የእርስዎን ፊት አዳነች፤ የራሷን ሐዘን ደግሞ ጣርማበርን አሻግራ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በዝምታ ይዛው መጣች። ደብዳቤዎ ውስጥ ይህን ማንም ሳይጠይቅዎ ጽፈዋል። ስለዚህ የቱ ጋ እንዳመማት ገብቶዎታል ማለት ነው።

ትዳርን የምናጠና ሰዎች ለረጅም ጊዜ የምንጠይቀው «ባልና ሚስት በመከራ ጊዜ ምን ያህል ይደጋገፋሉ?» ብለን ነበር። ሼሊ ጌብል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2004 ባሳተመችው ጥናት ጥያቄውን ገለበጠችው፦ አንዱ ደስ ብሎት ሲመጣ ሌላው ምን ይመልስለታል? መልሶቹንም በአራት ከፈለቻቸው። በእርስዎ ቤት እንያቸው። ባለቤትዎ አንድ ማታ «የራስ ቁሩን ጨረስኩት!» ብላ መጣች እንበል። አንዱ ባል ከመቀመጫው ተነስቶ «እስቲ አሳዪኝ፣ መስታወቱን በምን አጣበቅሽው?» ይላል። ሌላው «ጎሽ» ብሎ ዓይኑን ወደ ስልኩ ይመልሳል። ሦስተኛው «ይህ ሁሉ ጊዜ ለዚህ ነው? ልጅቷስ ራት በላች?» ይላል። አራተኛው የሰማም አይመስል፤ «ሲሚንቶ ዛሬም ጨመረ» ይላል። በጥናቱ ከትዳር እርካታና ከመቀራረብ ጋር አብሮ የተገኘው የመጀመሪያው ዓይነት መልስ ብቻ ነው። ልብ ይበሉ፤ ክፋት የሌለበት «ጎሽ» እንኳ ከሚጎዱት ወገን ነው የተመደበው። በር አጠገብ ተቀምጠው ስልክዎን ሲነካኩ የዋሉበት ቀን ለባለቤትዎ ሙሉ ቀን የፈጀ «ጎሽ» ነበር።

እንግዲህ የሳይንስ ልብ ወለድ አፍቃሪ ይሁኑ ልልዎ ነው? በፍጹም። ሰው በትእዛዝ አይወድም፤ የወደደ መምሰል ደግሞ ሚስት ፊት አንድ ቀን አያድርም። ሳይወዱ ማክበር ግን ይቻላል፤ ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት እንዴት ሊከብድ ይችላል? እርስዎ በሙስሊም ጎረቤትዎ ወይም በክርስቲያን አማችዎ ድግስ ስንት ጊዜ ተገኝተዋል? ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይቀርባል፣ ምርቃቱ ላይ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ አሜን ይላል። እምነትህን ለውጥ ያለዎት ሰው አልነበረም። እርስዎም ደጃፍ ላይ ቆመው «እኔ ለምግቡ ነው የመጣሁት» ብለው አያውቁም። የሌላውን ደስታ ሳይወርሱ ማክበርን ያህል ትልቅ ችሎታ አገርዎ በነጻ አስተምሮዎታል። ባለቤትዎ የምትለምንዎት ይኸንኑ ይመስለኛል፤ ደህና እንግዳ እንዲሆኑላት።

«ሳልወድ ልሂድ?» ላሉት፣ እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ጉባኤውን አለመውደድዎ ችግር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው የሚሄዱበት ምክንያት ጭቅጭቅን ለመሸሽ ብቻ ሲሆን ነው። ኤሚሊ ኢምፔትና ባልደረቦቿ እንደ ጎርጎሮሳውያን በ2005 ባወጡት ጥናት በፍቅር ግንኙነት ውስጥ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጓደኛቸው ሲሉ የሚከፍሉትን የየዕለት መስዋዕትነት ተከታትለው ነበር። «እሱን ወይም እሷን ለማስደሰት» ብለው ያደረጉት ደስታቸውንም ግንኙነታቸውንም ሲጠቅም፣ «እንዳይኮረፉብኝ» ብለው ያደረጉት ጎድቷል። እነዚያ ተማሪዎች እንጂ እንደ እናንተ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት አልነበሩም፤ በምክር ክፍሌ የማየው ግን ከዚህ የራቀ አይደለም። የተገደደ ሰው ትከሻውን ጥሎ ይቀመጣል፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሰዓቱን ያያል፣ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላል። በዚህ መንፈስ ናይሮቢ ድረስ የሚሄዱ ከሆነ ደሴ ቢቀሩ እመርጣለሁ። ብቻዋን የሄደች ሴት ቢያንስ ትደሰታለች።

አሁን ስለ እርስዎ መደብር ላውራ። እንዲህ ያሉ ጉባኤዎች በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድን ይዘው የሚካሄዱ ሆነው ብዙ ነገር ጎን ለጎን ይሄድባቸዋል፦ በአንዱ አዳራሽ ደራሲዎች ይወያያሉ፣ በሌላው ሠዓሊዎች ሥራቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ፣ ጨዋታ አለ፣ ፊርማ ለማግኘት የሚሰለፍ አለ፤ ከዚያ የልብስ ውድድሩ ይመጣል። ኮስፕሌይ የሚባለው የገጸ ባሕርይ ልብስ ከሩቅ ሲታይ ካርኒቫል ይመስላል። ከቅርብ ሲያዩት ግን የእጅ ሥራ ነው። ብረት የሚመስለው ጥሩር ወፍራም ስፖንጅ ሆኖ ያገኙታል፤ በሙቀት ተጣጥፎ፣ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ የብር ቀለም ተረጭቶበት ነው። የጦሩ ዘንግ የፒቪሲ ቱቦ ነው። የሚያበራው ዓይን ባትሪና ትናንሽ አምፖል ነው። ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ መደርደሪያዎ ላይ ያለ ዕቃ ነው! ገጸ ባሕርያቱን አንዱንም ባያውቁ የትኛው ማጣበቂያ ስፖንጅን እንደሚያቀልጥና የትኛው እንደሚይዝ ከብዙዎቹ የተሻለ ያውቃሉ። አንዱን ወጣት «ይህን በምን አጠፍከው?» ብለው ይጠይቁትና ለግማሽ ሰዓት ያስረዳዎታል። (ባለቤትዎ ማስቲሹን ከየትኛው መደብር እንደምትወስድ አልጠየቅኩም።)

ወደ ካባው እንምጣ። ካባው ላይ ነው ብዙ የጠፋው። እርስዎ ያዩት መሳቂያ የሚያደርግዎትን ጨርቅ ነው። እኔ ከደብዳቤዎ ያየሁት ደግሞ ከሐረጎ ደክማ የገባች፣ ልጅ ያስተኛች፣ ከዚያ አሮጌ ኮትዎን ዘርግታ የትከሻዎን ስፋት የለካች ሴት ነው። በምትወደው ዓለም ውስጥ እርስዎንም አስገብታ አስባለች። በነገራችን ላይ የኮስፕሌይ ታሪክም በእንዲህ ያለ ልብስ ስፌት የተጀመረ ነው። የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ እንደ ጎርጎሮሳውያን በ1939 ኒውዮርክ ላይ ሲካሄድ የተገኙት ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚያ ሁሉ መሐል የወደፊቱን ዘመን ልብስ ለብሰው የመጡት ፎረስት አከርማን የተባለ ወጣትና የሴት ጓደኛው ሚርትል ዳግላስ ነበሩ፤ የሁለቱንም ልብስ የሰፋችው እሷ ናት። በሚቀጥለው ዓመት ቺካጎ ላይ የልብስ ትርኢት የመርሐ ግብሩ አካል ሆነ። ለብዙ ዘመን ግን ጎልቶ ሲነሣ የኖረው የወንዱ ስም ነበር፤ ይህም የተለመደ ነገር ነው።

ካባውን የመልበስ ግዴታ የለብዎትም። በጉባኤዎቹ ላይ በተራ ልብሱ የሚገኝ ሰው ሞልቷል። ያለብዎት ግዴታ ለተናገሩት ቃል ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ «ልብሱ አሳፈረኝ» ከማለት ጋር ሳያቀላቅሉ፣ «የደከምሽበትን ነገር መሳቂያ ማለቴ በደል ነው» ብለው። ከዚያ በኋላ ካባውን ማንም በሌለበት ሳሎን ውስጥ አንዴ ይልበሱት። ከለበሱትም በኋላ ካልተዋጠልዎ «እመጣለሁ፣ ልብሱን ግን አልችልም» ማለት ሐቀኛ መልስ ነው፤ ትቀበለዋለች።

ወንዶች ፎቶ ያነሷታል ያሉትን ስጋት አላናንቀውም። የጉባኤ አዘጋጆችም አላናናቁትም፤ ኒውዮርክ ኮሚክ ኮን የተባለው ትልቅ ጉባኤ እንደ ጎርጎሮሳውያን በ2014 «ኮስፕሌይ ፈቃድ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ በጉልህ ሰቅሎ ነበር። ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳትም መንካትም ነውር ነው ማለት ነው። የናይሮቢውን ደንብ አብራችሁ አንብቡት። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ያስቀናዎት ካሜራው ነው ወይስ እርስዎ ፊት ለረጅም ጊዜ ያላዩት ፈገግታዋ? አዲስ አበባ ላይ ከማያውቋት ሰዎች ጋር ስትፈነድቅ አይተዋት ይሆናል። ሁለተኛው ከሆነ ለእሷ ይንገሯት። «አትሂጂ» ከሚለው ይልቅ «እንደዚያ ስትስቂ ሳይ ቀናሁ» የሚለው ለመስማት የሚቀል ነው።

ገንዘቡን ከዚህ ሁሉ ለይታችሁ ተነጋገሩበት። «ሳሎን እናስጨርሳለን ብዬ አስቤ ነበር» ብለዋል እንጂ «ተነጋግረን ነበር» አላሉም። በልብዎ የበጀቱት የሚስትዎ እቁብ የጋራ ዕቅድ አይሆንም። አንድ ወረቀት ላይ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ናይሮቢ ድረስ ያለውን የአውሮፕላን ዋጋ፣ ማደሪያውን፣ መግቢያውን ጻፉ፤ በሌላው ላይ የሳሎኑን ልስንና ቀለም። የሁለት ሰው ጉዞ ከከበደ የከበደው ገንዘቡ ነው ይበሉ፤ ልብሱን ወይም ጉባኤውን አያመካኙ።

አብረው ከሄዱ ቀኑን አስቀድማችሁ ከፋፍሉት። እሷ በጣም የምትፈልጋቸውን አንድ ሁለት ነገሮች አብራችሁ እዩ፤ የቀረውን እሷ እንደፈለገች ትዙር፤ እርስዎ ሲደክምዎ «ቡና ልጠጣ፣ በዚህ ሰዓት እዚህ እንገናኝ» ብለው ይውጡ። ተነጋግሮ መውጣት በር አጠገብ አኩርፎ ከመቀመጥ ጋር አንድ አይደለም። ልጅቷ እናትዎ ዘንድ የምትቆይ ከሆነ ጥያቄውን ለእናትዎ ሁለታችሁም አብራችሁ አቅርቡ፤ ሚስትዎን ብቻዋን ለወቀሳ አይላኳት።

ይቅርታ ጠይቀውም «ዘንድሮ ብቻዬን ልሂድ» ካለች ይቀበሏት። የአዲስ አበባው ቀን ገና አልሻረላት ይሆናል፤ «ይኸው ልመጣ ስል እንቢ አልሽኝ» የሚል ክስ አይክፈቱባት። ስትመለስ ማን እንዳሸነፈ፣ የትኛው ውይይት እንደማረካት፣ የራስ ቁሩ በጉዞ ተጎድቶ እንደሆነ ይጠይቋት፤ ፎቶዎቹንም ተቀምጠው ይዩ። እሷ በሌለችባቸው ቀናት ደግሞ ልጅዎን ለአያቷ ጥለው መደብር እንዳይውሉ። ያስተኟት፣ ያብሏት፣ ያጫውቷት፤ ማታ ማታ በስልክም እናቷን ያገናኟት።