ሦስት ነርቭ፣ ሁለት መገጣጠሚያ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ አሜሪካ ለሚገኝ አንድ የህመም ሕክምና ክሊኒክ የክፍያ መጠየቂያ ኮድ በርቀት እሠራለሁ። በቅርቡ ሐኪሙ የአንዲት ታካሚን የወገብ ነርቮች በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ካቃጠለ በኋላ በማስታወሻው ላይ የነርቮቹን መለያ «በቀኝ በኩል ኤል3፣ ኤል4፣ ኤል5» ብሎ ጻፈ። ነርቮቹ ሦስት ስለሆኑ የማቃጠሉን የመጀመሪያ ኮድ 64635ን አንድ ጊዜ፣ የተጨማሪውን ኮድ 64636ን ሁለት ጊዜ ሞላሁ፤ መርፌው በፍሎሮስኮፒ (በቀጥታ በሚታይ የራጅ ምስል) እየታየ ስለገባም የምስል ክትትሉን ኮድ 77003ን ጨመርኩ። መድን ሰጪው ሁለተኛውን 64636 እና 77003ን አልከፍልም አለ። ስህተቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ መድን ሰጪው በሁለቱም ላይ ልክ ነው። እነዚህ ኮዶች የሚቆጥሩት የተቃጠለውን ነርቭ ሳይሆን፣ ነርቮቹ ስሜቱን የሚያደርሱለትን የአከርካሪ አጥንቶች መገጣጠሚያ ነው። በኤል4 እና በኤል5 አጥንቶች መካከል ያለው መገጣጠሚያ ስሜቱን የሚያገኘው ከኤል3 እና ከኤል4 ነርቮች ሲሆን፣ ከሱ በታች በኤል5 እና በኤስ1 አጥንቶች መካከል ያለው ደግሞ ከኤል4 እና ከኤል5 ነርቮች ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሦስት ጎረቤታሞች መቀናጆ ሲገጥሙ የመካከለኛው በሬ ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ጋር እንደሚጠመድ ሁሉ፣ ኤል4 ለሁለቱም መገጣጠሚያ ያገለግላል። የሚቆጠረው ጥማዱ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው አሞላል 64635 አንድ ጊዜ፣ 64636 አንድ ጊዜ ነው። 77003ን በተመለከተ፣ የምስል ክትትሉ በዋናው ኮድ ውስጥ ስለተካተተ ለብቻው አይጠየቅም።

ከማቃጠሉ በፊት ለምርመራ የሚሰጠው የማደንዘዣ መርፌም በዚሁ መንገድ ይቆጠራል፤ ለወገብ የመጀመሪያው መገጣጠሚያ 64493፣ ሁለተኛው 64494 ነው። በሜዲኬር (በዋናነት አረጋውያንን በሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) መመሪያ መሠረት ይህ የምርመራ መርፌ ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ በእያንዳንዱ ቢያንስ 80 በመቶ እፎይታ ማስገኘቱ በመዝገቡ ካልሰፈረ፣ ቆጠራው የቱንም ያህል ቢጠራ የማቃጠሉ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። ይህን ቆጠራ ግን ወደ ሌላው መርፌ ሁሉ አይውሰዱት። ነርቩ በሚወጣበት ቀዳዳ በኩል የሚሰጠው መርፌ (64483) በየአከርካሪው ደረጃ ሲቆጠር፣ በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል የሚሰጠው መርፌ (62323) ግን በአንድ ቀጠሮ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቃል።

ሐኪሙ የነርቮቹን ስም ብቻ ጽፎ መገጣጠሚያዎቹን ሳይጠቅስ ከቀረ፣ እርስዎ ገምተው አይሙሉለት፤ ጠይቀው እሱ ራሱ ማስታወሻውን ያርም። (ኮድ ሠሪ ሐኪም ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።) የህመሙን ምንነት የሚገልጸውን ኮድም ይመልከቱ፤ ህመሙ ከመገጣጠሚያ ነው ተብሎ ኤም54.16 ከተሞላ፣ ያ የነርቭ ሥር ህመም ኮድ ስለሆነ ከሥራው ጋር አይገጥምም።

የቀሩት ሁለት መስመሮች ከተከፈሉ ይግባኝ አያስፈልግዎትም። ውድቅ የሆኑትን ግን ወደ ታካሚዋ ሂሳብ እንዳያዞሩ ይጠንቀቁ፤ የአቆጣጠሩ ስህተት የክሊኒኩ እንጂ የእሷ ዕዳ አይደለም።