የባዮኢንፎርማቲክስ ክፍት ሶፍትዌር፦ ጀማሪዎችና ሜንተሮች ለጠየቁት መልስ

የተጠራቀሙትን ጥያቄዎች እዚሁ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ምሳሌዎቹ በብዛት ከባዮፓይተን (የባዮሎጂ ዳታ ለማንበብና ለመተንተን የሚያገለግል የፓይተን ኮድ ስብስብ) ናቸው፤ ከ1999 ጀምሮ በፈቃደኞች የቆየ ፕሮጀክት ስለሆነ አሠራሩን የለመደ ሰው ሌሎቹም አይከብዱትም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድማችን። የባዮቴክኖሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ፓይተን ለስድስት ወር ተምሬአለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አዲስ ነገር ለመጨመር አትቸኩል። መጀመሪያ ያለው ኮድ አንተ ማሽን ላይ ይነሳ። ባዮፓይተንን ኮዱ ከተቀመጠበት ከጊትሃብ ክሎን አድርግ (ቅጂውን አውርድ)፣ የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ከሌሎች ፕሮግራሞች የተለየ የፓይተን ቦታ) ክፈትለት፣ ከዚያ በፒፕ ‹ኤዲተብል› በሚባለው መንገድ ጫነው። እንዲህ ከጫንከው የፓይተኑን ኮድ በቀየርክ ቁጥር እንደ አዲስ መጫን የለብህም። ከፊሉ በሲ የተጻፈ ስለሆነ ኮምፓይለርና የፓይተን ሄደር ፋይሎች ይፈልጋል፤ ኡቡንቱ ላይ ‹ፓይተን ዶት ኤች› ጠፋ የሚል ስህተት ካየህ የጎደለህ እሱ ነው።

ቀጥሎ ቴስቶቹን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን አጫጭር ፕሮግራሞች) አስኪድ። ‹ኦፍላይን› የሚለውን አማራጭ ጨምርበት። አለበለዚያ የኤንሲቢአይን (የአሜሪካ የባዮሎጂ መረጃ ማዕከል) ሰርቨር የሚጠሩት ቴስቶች መስመር በተቆራረጠ ቁጥር ይወድቃሉ፤ አንተም ያበላሸኸው ነገር ያለ ይመስልህና ቀኑን ሙሉ ስትፈልግ ትውላለህ።

ከዚያ አንድ ኢሹ (ጊትሃብ ላይ የተመዘገበ ችግር) ምረጥና ባጉን (የኮዱን ስህተት) ራስህ ጋ ድገመው። ‹ይህን ስጡኝ፣ እኔ ልሥራው› ብሎ መጻፍ ብቻውን ዋጋ የለውም። ቨርዥኑን፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ባጉን የሚያሳይ ትንሽ ፋይል፣ የወጣውን ውጤትና መውጣት የነበረበትን ጻፍ። ይህን ብቻ አድርጎ ያቆመ ሰው እንኳ ሥራ ሠርቷል።

ጥያቄ፦ ‹ለጀማሪ የሚሆን ባግ› ሲባል ምን ዓይነት ነው? አንድ ብታሳየን።

መልስ፦ ፋስትኪውን፣ የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽን ውጤት የሚቀመጥበትን የፋይል ፎርማት፣ እንውሰድ። አንድ ሪድ (ማሽኑ ያነበበው አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ) አራት መስመር ነው፦ በ@ የሚጀምር ስም፣ የቤዞቹ (የዲኤንኤ ፊደላቱ) ቅደም ተከተል፣ የ+ መስመር፣ የእያንዳንዱ ቤዝ ንባብ ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳይ የጥራት መስመር። ሪድ ለመቁጠር በ@ የሚጀምሩትን መስመሮች የሚቆጥር ስክሪፕት በየቦታው ታገኛላችሁ። ስህተት ነው። ጥራት የሚጻፈው ነጥቡ ላይ 33 ተደምሮ በሚገኘው የአስኪ ምልክት ነው። ነጥቡ 31 ሲሆን 64 ይመጣል፤ 64 ደግሞ @ ራሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቤዝ ጥራት 31 የሆነ ሪድ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም፣ ቁጥሩ ብቻ ያብጣል።

መፍትሔው በአራት በአራት መስመር መቁጠር ይመስላል፤ የድሮው ፎርማት ግን ረጅም ቅደም ተከተልን ከአንድ በላይ መስመር ላይ መክፈል ስለሚፈቅድ እሱም ሙሉ አይደለም። የተሞከረ ፓርሰር (ፋይሉን አንብቦ በክፍል በክፍሉ የሚለይ ኮድ) ተጠቀሙ።

ፑል ሪኩዌስቱ (ማስተካከያዬን ተቀበሉኝ ብላችሁ ለፕሮጀክቱ የምትልኩት) ምን ይኑረው? ሦስት ሪድ ብቻ ያለው ፋይል፣ የሁለተኛው የጥራት መስመር በ@ የሚጀምር። በአሮጌው ኮድ የሚወድቅ፣ በአዲሱ የሚያልፍ ቴስት። ከዚያ ማስተካከያው። ቴስቱ መጀመሪያ ወድቆ ካላያችሁት ምን እንደፈተነ አታውቁም።

የዚህ ዓይነት ዘመዶች ብዙ ናቸው። ዊንዶውስ ላይ የተዘጋጀ ፋስታ (ቅደም ተከተል ያለ ጥራት የሚጻፍበት ፋይል) በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ያስገባና ርዝመቱን በመስመሩ ቁጥር ልክ ይጨምራል። አንዱ ፋይል ክሮሞዞሙን ‹ሲኤችአር1› ሲለው ሌላው ‹1› ብቻ ካለው ሁለቱን ስታገናኙ ባዶ ውጤት ይወጣል፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ። ቤድና ጂኤፍኤፍ ጂኖም ላይ ያለን ቦታ በመነሻና በመድረሻ ቁጥር የሚመዘግቡ ፋይሎች ናቸው፤ ቤድ ከዜሮ ይቆጥራል፣ መጨረሻውንም አይጨምርም፤ ጂኤፍኤፍ ከአንድ ይቆጥራል፣ መጨረሻውንም ይጨምራል። ስለዚህ ቤድ ላይ 99–200 ያለው ጂኤፍኤፍ ላይ 100–200 ነው፤ ሁለቱም 101 ቤዝ።

ጥያቄ፦ እኔ ባዮሎጂስት ነኝ፣ ኮዴ ደካማ ነው። ቦታ አለኝ?

መልስ፦ አለሽ እንጂ! ጎበዝ ፕሮግራመር ጽፎት ቴስቱን ሁሉ አልፎ ባዮሎጂው የተሳሳተ ኮድ ሞልቷል። ለምሳሌ ቲጂኤ በመደበኛው የኮዶን (አሚኖ አሲድ የሚወስኑ የሦስት ቤዝ ጥምረቶች) ሰንጠረዥ የፕሮቲን ማቆሚያ ነው፤ በአከርካሪ እንስሳት ማይቶኮንድሪያ ግን ትሪፕቶፋን ነው። ኤጂኤና ኤጂጂ ደግሞ በተቃራኒው እዚያ ማቆሚያ ይሆናሉ። የማይቶኮንድሪያ ጂን በሰንጠረዥ 1 (በመደበኛው) የሚተረጉም ፕሮግራም ፕሮቲኑን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ክብ ጂኖም ላይ መነሻውን ተሻግሮ የሚሄድ ጂን፣ በተቃራኒው ስትራንድ ላይ ያለ ጂን፣ እነዚህን የቴስት ምሳሌ አድርገሽ ካቀረብሽ ሜንተሩ (ጀማሪውን የሚመራው ልምድ ያለው ሰው) ያመሰግንሻል። የተብራራ ዶክመንቴሽንም እንደ ኮድ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ክፍያ አለው የሚባለው ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ እንዴት ነው? ተማሪ መሆን ግድ ነው?

መልስ፦ ይህ ጉግል እየከፈለ አዳዲስ ሰዎችን በክፍት ሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ላይ በሜንተር የሚያሠራበት ፕሮግራም ነው፤ ከ2022 ወዲህ ተማሪ መሆን ግድ አይደለም። 18 ዓመት የሞላውና ለክፍት ምንጭ አዲስ የሆነ ሰው ያመለክታል። ሥራው 90፣ 175 ወይም 350 ሰዓት ነው። ክፍያው እንደሚኖሩበት አገር የመግዛት አቅም ይለያያል፤ በ2024 ለ350 ሰዓቱ ከ3,000 እስከ 6,600 ዶላር፣ ለ175ቱ ግማሹ ነበር። ገንዘቡም የአጋማሹና የመጨረሻው ግምገማ ሲታለፍ በሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው።

ባዮፓይተንን የመሳሰሉትን የሚያቅፈው ኦፕን ባዮኢንፎርማቲክስ ፋውንዴሽን ከ2010 ጀምሮ በተለያዩ ዓመታት ገብቶበታል፤ የተመረጡት ድርጅቶች ግን በየዓመቱ ይለያያሉ። አምና ነበረ ብላችሁ ዘንድሮም አለ እንዳትሉ፤ ዝርዝሩ ሲወጣ እዩ።

የሰዓት ነገር፦ ማመልከቻ የሚዘጋው 18:00 ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ከሜንተር ጋር ስትቀጣጠሩ ሁልጊዜ በዩቲሲ ጻፉ። ‹3 ሰዓት› ማለት ለእናንተና ለእሱ አንድ አይደለም፤ በዚያ ላይ አውሮፓ በመጋቢትና በጥቅምት ሰዓቱን ሲያዞር እኛ አናዞርም።

ጥያቄ፦ ፕሮፖዛል የሚጥለው ምንድን ነው?

መልስ፦ በብዛት የጊዜ ሰሌዳው። 350 ሰዓት በ12 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ወደ 30 ሰዓት ነው። የኛ ዩኒቨርሲቲ የሰኔ ፈተና ደግሞ ልክ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ያርፋል። አትደብቁት። ‹ከዚህ እስከዚህ ቀን ፈተና ላይ ስለሆንኩ በሳምንት 10 ሰዓት ብቻ እሠራለሁ› ብላችሁ ጻፉ፤ ከሜንተሩ ጋር ከተስማማችሁ ጊዜው እስከ 22 ሳምንት ሊለጠጥ ይችላል።

‹ሳምንት 3፦ ፓርሰር እሠራለሁ› አይባልም። ‹ሳምንት 3፦ የጂኤፍኤፍ3ን ዘጠኝ ዓምዶች የሚያነብ ፋንክሽን፣ 5 ቴስት፣ አንድ ፑል ሪኩዌስት፤ ዘጠነኛው ዓምድ ውስጥ በፐርሰንት ኮድ የተጻፉ ምልክቶችን መፍታት ለሳምንት 4› ይባላል። ይህን ያነበበ ሜንተር ፎርማቱን ከፍታችሁ እንዳያችሁት ያውቃል። ከማመልከታችሁ በፊት ተቀባይነት ያገኘች አንዲት ትንሽ ፑል ሪኩዌስት ካለቻችሁ ከአሥር ገጽ ፕሮፖዛል ትበልጣለች።

ጥያቄ፦ ሜንተሬ ከጻፍኩለት ሳምንት ሆነው፣ ዝም አለኝ። ቅር ብሎት ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። አብዛኞቹ ሜንተሮች ከመደበኛ ሥራቸው ውጪ ነው የሚያግዙት። በግል ከመጻፍ ይልቅ ጥያቄህን ኢሹው ሥር ወይም በፕሮጀክቱ የጋራ መወያያ አቅርበው፤ ሌላ ሰው ሊመልስልህ ይችላል። ‹አልሠራልኝም› አትበል፤ ምን እንደሞከርክ፣ ምን ስህተት እንደወጣ፣ ቀጥሎ ምን ልታደርግ እንዳሰብክ ጻፍ። ‹እስከ ሐሙስ ሌላ ሐሳብ ካልመጣ በዚህ እቀጥላለሁ› ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ሁለት ሳምንት ተቸግሮ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ በአጋማሹ ግምገማ ሰው የሚወድቀው ከድክመት ይልቅ በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ኔታችን ቀርፋፋ ነው። ክሎኑ መሐል ላይ ይቋረጣል።

መልስ፦ ‹ዴፕዝ 1› የሚለውን የጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) አማራጭ ተጠቀሙ፤ ታሪኩን ትቶ የመጨረሻውን ብቻ ያወርዳል። ባጉ መቼ እንደገባ በድሮ ኮሚቶች (በየጊዜው በተመዘገቡት ለውጦች) ለመፈለግ ስትፈልጉ፣ ‹አንሻሎው› በሚለው ቀሪውን ታሪክ ማውረድ ይቻላል። ለሙከራም ጊጋባይት ዳታ አታውርዱ፤ ከፋስትኪው የመጀመሪያው 400 መስመር 100 ሪድ ነው፣ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከሆስፒታል ያገኘሁትን የታካሚ ናሙና ለቴስት ባስገባውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ስሙ ከፋይሉ ቢጠፋ እንኳ ጂኖም ራሱ ሰውየውን ይጠቁማል። ተሳስታችሁ ካስገባችሁት ደግሞ በሚቀጥለው ኮሚት መሰረዝ አያጠፋውም፣ ጊት ታሪክ ውስጥ ይቀራል። 5,386 ቤዝ ያለውን የፋይኤክስ174 (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) ጂኖም ተጠቀሙ። ትልቅ ካስፈለገ የኮቪድ ቫይረስ ማመሳከሪያ 29,903 ቤዝ ነው፣ እሱም ለሁሉም ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ሜንተር ሁን ተብዬ ነበር። ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

መልስ፦ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይመድቡ፣ መጀመሪያው ወር ላይ ከዚያም በላይ። ብቻዎን አይግቡበት፤ ሁለተኛ ሜንተር ከሌለ እርስዎ የታመሙ ዕለት ሥራው ይቆማል። ተማሪው ፑል ሪኩዌስቱን ከ300 መስመር በታች እንዲያደርግ ይንገሩት፣ በሁለት ቀን ውስጥ ይመልሱለት። ትልቁ ፈተና ግን ኮዱን እርስዎ ጽፈው መገላገል ነው። ያን ጊዜ ተማሪው የሚማረው መጠበቅን ነው። የሚወድቅ ቴስት ይስጡትና ማስተካከያውን ይተዉለት።

ጥያቄ፦ ኮዱን ኤአይ ቢጽፍልኝስ?

መልስ፦ የፕሮጀክቱን ደንብ አንብብ፤ የሚከለክል አለ፣ አሳውቅ የሚልም አለ። የማታስረዳውን መስመር ግን አታስገባ። ከላይ በቤድና በጂኤፍኤፍ ያነሳሁትን የአንድ ቁጥር ልዩነት ኤአይ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል፣ ሪቪው (የኮዱ ግምገማ) ላይ የምትጠየቀው ደግሞ አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ የራሳችንን ትንሽ መሣሪያ ጨርሰናል። ሰው በጽሑፉ እንዲጠቅሰው ምን እናድርግ?

መልስ፦ ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ፋይል ይኑረው፤ ያለ እሱ ኮዱ ቢታይም ማንም በሕግ ሊጠቀምበት አይችልም። በባዮኮንዳ (የባዮሎጂ ሶፍትዌር ማሰራጫ) ካስገባችሁት በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ጆርናል ኦፍ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ከጸሐፊ ክፍያ አይጠይቅም፤ ሪቪውውም በግልጽ ጊትሃብ ላይ ነው የሚካሄደው። ዲኦአይ (ለመጥቀስ የሚያገለግል ቋሚ መለያ) የሚሰጣችሁ ዜኖዶ የተባለው የምርምር ሥራ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ነው፤ ከጊትሃብ ጋር ይገናኛል። ቅደም ተከተሉን ብቻ አትሳቱ፦ መጀመሪያ አገናኙ፣ ከዚያ ሪሊዝ (ቁጥር የተሰጠው እትም) አውጡ። ከመገናኘቱ በፊት የወጣውን ሪሊዝ በራሱ አያነሳውም።