የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሚሲሲፒ ጊታር በኒያፉንኬ

ጥያቄ፦ አሜሪካዊው ጊታሪስት ኮሪ ሃሪስ ከማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ ጋር የተጫወተውን ሙዚቃ በቅርቡ ሰማሁ። የአንዱን ጊታር ከሌላው መለየት አቃተኝ። አንዳንዶች «ብሉዝ ከማሊ የመጣ ስለሆነ ነው» ይላሉ። እውነት ነው? ሃሪስስ ይህን አጨዋወት ከየት አገኘው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልነሣ። ኮሪ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1969 በዴንቨር፣ ኮሎራዶ ተወለደ። በሜይን ግዛት በሚገኘው ቤትስ ኮሌጅ አንትሮፖሎጂ ካጠና በኋላ ለቋንቋ ጥናት ወደ ካሜሩን ተጓዘ፤ ወደ አገሩ ሲመለስም በሉዊዚያና ገጠር እያስተማረ በኒው ኦርሊንስ ጎዳናዎች ላይ ይጫወት ነበር። በ1995 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ በአንድ ጊታርና በራሱ ድምፅ ብቻ የተሠራ ነው። ስለዚህ ማሊ ከመድረሱ በፊት ሁለት ነገሮችን ይዞ ነበር፤ አንደኛው በቀድሞዎቹ የሚሲሲፒ ደርዳሪዎች መንገድ የሠለጠነ እጅ፣ ሁለተኛው ደግሞ በምዕራብ አፍሪካ ሰዎች መካከል ኖሮ የማዳመጥ ልምድ ናቸው። በእኔ እምነት ሥራውን ከሌሎች የቅልቅል ሙከራዎች ከፍ የሚያደርገው ይህ ሁለተኛው ነው። በ2003 ማርቲን ስኮርሴዚ ስለ ብሉዝ በሠራው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ከሚሲሲፒ አረጋውያን ሙዚቀኞች እስከ ማሊ የተጓዘው እሱ ነበር፤ በዚያው ዓመት «ከሚሲሲፒ ወደ ማሊ» የሚል ትርጉም ያለውን አልበሙን ያወጣ ሲሆን፣ በ2007 ደግሞ የማክአርተር ፋውንዴሽን ሽልማት ተሰጥቶታል።

ብሉዝ ከማሊ መጣ ወይ ለሚለው፣ እንዲህ በአጭሩ ከተነገረ ስሕተት ነው ብዬ እመልሳለሁ። ከሴኔጋምቢያና ከኒጀር ወንዝ ላይኛው ተፋሰስ በባርነት የተጋዙ ሰዎች የባለ ክር መሣሪያዎችን ዕውቀት ይዘው መሄዳቸው የታወቀ ነው፤ የባንጆ ዘር ከዚያ ነው፤ የጆላ ሕዝብ አኮንቲንግ የሚባለው ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ዛሬም የሚመታው በጥፍር ወደ ታች እየተጫረና አውራ ጣት አጭሩን ክር እየነካ፣ በጥንታዊው የባንጆ አመታት ዓይነት ነው። በ1739 በደቡብ ካሮላይና ባሪያዎች ካመፁ በኋላ የወጣው ሕግ ከበሮን ሲከለክል፣ ክር ከከበሮ የተሻለ የመኖር ዕድል አገኘ። ብሉዝ ራሱ ግን የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በአሜሪካ ደቡብ፣ ከእርሻ ሥራ ዘፈን፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከአውሮፓ ከመጣ ባላድ (ታሪክ የሚተርክ ዘፈን) ጋር ተዋሕዶ ነው። ዝምድናውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልተጓዘም። አሊ ፋርካ ቱሬ የጆን ሊ ሁከርን ሙዚቃ በሸክላ የሰማው ራሱ ጊታር መምታት ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ነበር፤ የሰማውንም የራሱ አገር ዜማ አድርጎ ነው የቆጠረው። ስለዚህ ሃሪስና አሊ በማሊ በምትገኘው የአሊ መኖሪያ ኒያፉንኬ አብረው ሲቀመጡ የተገናኙት ከረጅም መለያየት በኋላ አንዳቸው ሌላውን አስቀድመው የሰሙ ዘመዳሞች ነበሩ።

ጊታሮቹን መለየት ያቃትዎት ስላልተጠነቀቁ አይደለም። የሚሲሲፒ ዴልታ ደርዳሪ ብዙ ጊዜ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) አይቀያይርም፤ አውራ ጣቱ አንድ የባስ ድምፅ ሳያቋርጥ ይመታል፣ ሌሎቹ ጣቶች በላዩ አጭር ዜማ እየደጋገሙ ትንሽ ትንሽ ይለውጡታል። የሰሜን ማሊ ተጫዋችም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱን ለመስማት አውራ ጣቱን ይከታተሉ፤ ሃሪስ ባሱን በመዳፉ ጠርዝ ስለሚያፍነው ድምፁ ደረቅ ብሎ ምቱን ይረግጣል፣ የአሊ ባስ ግን ተለቆ ያስተጋባል፤ ዜማውም ከዚያ ማስተጋባት ውስጥ እየወጣ ይመለሳል። አሊ ጊታር ከመያዙ በፊት የተማረው በባለ አንድ ክር መሣሪያዎች መሆኑ እዚህ ላይ ይሰማል፤ ስድስት ክር ይዞ እንኳ ዜማውን በአንድ ክር ላይ ማስኬድ ይወድ ነበር።

ጥያቄ፦ ጊታር በጣት መምታት የጀመርኩ ወጣት ነኝ። ኮራ የሚባለውን የምዕራብ አፍሪካ ባለ ክር መሣሪያ የሚመስል ድምፅ ከጊታር ማውጣት ይቻላል? ከምን ልጀምር? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ደቡብ አፍሪካዊው ዴሪክ ግሪፐር የኮራን ሙዚቃ በክላሲካል ጊታር በመጫወት ነው የታወቀው። ኮራ 21 ክር ቢኖረውም የሚደረደረው በአራት ጣት ብቻ ነው፤ የሁለቱ እጆች አውራ ጣቶች ባሱንና የሚደጋገመውን መሠረት ይይዛሉ፣ ሁለቱ ጠቋሚዎች ዜማውን ያፈሳሉ፣ የቀሩት ጣቶች መያዣዎቹን ጨብጠው መሣሪያውን ይደግፋሉ። በጊታር ግን ይህ ሁሉ ለአንድ ቀኝ እጅ ስለሚወድቅበት አውራ ጣትህ ከሌሎቹ ነፃ መውጣት አለበት። ለጥቂት ሳምንታት ዜማ የሚባል አትንካ። ስድስተኛውንና አራተኛውን ክር በአውራ ጣትህ ብቻ እያፈራረቅህ፣ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ቀስ ብለህ፣ እያወራህ እንኳ ሳይዛነፍ እስኪሄድልህ ድረስ ምታ። አሜሪካዊውን የብሉዝ ጊታሪስት ሚሲሲፒ ጆን ኸርትን አዳምጥ፤ የእሱ አውራ ጣት በጣም ጥሩ አስተማሪ ነው። ከዚያ በኋላ በጠቋሚህ አንድ ድምፅ፣ መጀመሪያ ከባሱ ጋር፣ ቀጥሎ በሁለት ባስ መካከል ጨምር።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት ምዕራብ አፍሪካዊው ምት ላይ ነው፤ ሁለትና ሦስት በአንድ ጊዜ ይሄዳሉ፣ አውራ ጣት ሁለት ሲቆጥር ጠቋሚ ሦስት ይቆጥራል። አንተ ግን ችክችካ እየሰማህ ስላደግህ ስድስት ለስምንት ለጆሮህ እንግዳ አይደለም፤ በእግርህ ችክችካውን እየመታህ ተለማመድ። ናይለን ክር ያለው ጊታር ብታገኝ ይሻላል፣ ዛሬ አብዛኛው የኮራ ክርም ናይለን ነውና።

ጥያቄ፦ የማሊ ሙዚቃ ስሰማ የእኛን ቅኝት ያስታውሰኛል። ዝምድና አለው? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ የሰሙት የሰሜን ማሊ ዘፈን ከሆነ፣ እንደ ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ የሚሄድ በመሆኑ ስሜቱ ትክክል ነው። የማንዴ ሕዝቦች ኮራ ግን በሰባት ድምፅ የሚቃኝ ስለሆነ ያን ስሜት እምብዛም አይሰጥም። አምስት ድምፅ መጋራት ግን ብቻውን የታሪክ ዝምድናን አያስረዳም፤ በቻይናና በስኮትላንድም ባለ አምስት ድምፅ ዜማ አለ። አንቺሆዬን ቢያዳምጡ ደግሞ ርቀቱ ወዲያው ይሰማዎታል። ክራር የሚደረድር ዘመድ ካለዎት የአሊ ፋርካ ቱሬን አንድ ዜማ በባቲ ሚነር እንዲሞክር ይጠይቁት፤ ከጊታር ተጫዋች ይልቅ እሱ ሊቀናው ይችላል።