ውሉ ከሳሼ እጅ ነው፤ መቼ ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ ጠበቃ። የምጽፍልዎት ከእነዋሪ ነው። ከአንድ ነጋዴ 60 ሺህ ብር ተበድሬ ነበር። ግማሹን በባንክ አስገባሁለት። ግማሹን በገበያ ቀን፣ ሦስት ሰዎች ባሉበት በእጁ ሰጠሁት። መቀበሉንም ውሉ ጀርባ ላይ ጽፎ ፈረመ። ውሉን ግን ራሱ ይዞት ሄደ። አሁን ሙሉውን ክፈል ብሎ ከሶኛል። ከክሱ ጋር የደረሰኝ ኮፒ የውሉ የፊት ገጽ ብቻ ነው። መጥሪያው መልስ እስከ ጥቅምት 18 እንዳቀርብ፣ ክሱም ኅዳር 9 እንደሚሰማ ይናገራል። ጎረቤቴ «ማስረጃ ዳኛው ሲጠይቅህ ታቀርባለህ፣ ምን አስቸኮለህ» ይለኛል። ልስማው?

መልስ፦ ኧረ አይስሙት! ደብረ ብርሃን ቢሮዬ ድረስ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ምስክር ተሰምቶ ካበቃ በኋላ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ሁሉም እንደ እርስዎ ጎረቤት ያለ መካሪ ነበረው።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ማስረጃን በተመለከተ «በዚህን ያህል ቀን ውስጥ» አይልም። ጊዜው የተያያዘው ከክርክሩ ደረጃ ጋር ነው። ከሳሽ የማስረጃ ዝርዝሩን ከክሱ ጋር፣ ተከሳሽ ከመልሱ ጋር ያቀርባል (ቁጥር 223 እና 234)። ስለዚህ የእርስዎ ቀን ጥቅምት 18 ነው። ኅዳር 9ን አይጠብቁ።

አሁን ወደ ምስክሮቹ። ሦስት ሰው አየኝ ብለው ተማምነው ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ይህ ለብድሩ ብቻ ሳይሆን ለአከፋፈሉም ይሠራል። 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ሕጉ የወጣው በ1952 ነውና ቁጥሩ እዚያው ቀርቷል። ለእርስዎ ግን ትርጉሙ ከባድ ነው። በእጅ የሰጡትን 30 ሺህ ብር ምስክሮቹ አያድኑልዎትም። የሚያድንዎት የውሉ ጀርባ ነው።

እሱ ደግሞ ከሳሽዎ ዘንድ ነው። ይህ እንዲጠየቅ አይከለክልም። በማስረጃ ዝርዝርዎ ላይ «ዋናው የብድር ውል፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው የክፍያ ማረጋገጫ ጭምር፣ በከሳሽ እጅ የሚገኝ» ብለው ያስጽፉ። ከዚያው ጋር ከሳሽ ዋናውን በሁለቱም ገጹ እንዲያቀርብ ይታዘዝልኝ የሚል አቤቱታ ያያይዙ። በመልሱ ውስጥ የተከፈለውን ገንዘብና የተከፈለበትን ቀን በግልጽ ይጥቀሱ። ዝም ካሉ በኋላ ማስረጃው ቢመጣም የሚደግፈው ክርክር አይኖረውም።

የባንኩ ነገር ቀላል ነው። ስቴትመንቱ የራስዎ ሒሳብ ስለሆነ ሄደው ያውጡ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮችም የዚሁ ሕግ ናቸው) ፍርድ ቤቱ ከሌላ መዝገብ ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰነድ እንዲያስቀርብ መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን ጥያቄው በቃለ መሐላ መደገፍ አለበት። ቅጂውን ያለ ብዙ ወጪና መጉላላት ራስዎ ማግኘት እንደማይችሉም ማሳየት ይጠበቅብዎታል። ከራስ ባንክ ማውጣት እየቻሉ ፍርድ ቤት ያምጣልኝ ማለት ዳኛን ማሰልቸት ነው።

ቀኑ ካለፈስ? በሩ ጨርሶ አይዘጋም። ቁጥር 256 በቂ ምክንያት ያለውን ሰው ይሰማል። ሰነዱ መኖሩን አላወቅሁም ነበር ማለት ይቻል ይሆናል። እርስዎ ግን ፊርማውን በዓይንዎ አይተዋል፣ ስለዚህ ይህ አያስኬድዎትም። ቁጥር 264 ዳኛው በራሱ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ ያ የዳኛው ሥልጣን እንጂ የእርስዎ መብት አይደለም። ጎረቤትዎ ሰምተውት ከሆነ የሰሙት ይህን ይመስለኛል።

ጥያቄዎ ውድቅ ቢደረግም መጠየቅዎ መዝገብ ላይ መስፈሩን ያረጋግጡ። ይግባኝ ሰሚው አዲስ ማስረጃን በዋዛ አይቀበልም። የሥር ፍርድ ቤት መቀበል ሲገባው አልቀበልም ያለው ማስረጃ ከሆነ ግን ቁጥር 345 መንገድ ይሰጣል። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ «አልቀበልም» ተባለ አይባልም።

መልሱን በሚገባው ቅጂ ብዛት ይዘው ለመዝገብ ቤት ሲያስገቡ በእርስዎ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ።