ያ የኋላ ክፍል ምን ላይ ነው የቆመው?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። የላከችልኝ አንዲት አስተማሪ ናት።

«ጋሼ፣ ነባር ሰፈር ውስጥ ያለ ሰፊ የጭቃ ቤት ልገዛ ነው። ዕድሜው ወደ 45 ዓመት ይሆናል። 5 ክፍል አለው፤ ለእናቴም ለልጆቼም ይበቃል። አምና በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። ግን የኋላው ክፍል ከዋናው ቤት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከላይ ጣት ያስገባል፤ ወደ ታች እየጠበበ ይጠፋል። የክፍሉ በር አልዘጋ ይላል። ወለሉ ሲረገጥ ድምፁ ከሌላው ክፍል ይለያል። በዋናው ቤት ደግሞ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ እያበጠ ይላጣል። ሻጩ ‹ልስኑ ሲደርቅ ነው› ይላል። ክረምት ሳይገባ እንጨርስ ብሎም ያጣድፈኛል። የኋላውን ክፍል አሁን አንድ ተማሪ ተከራይቶታል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የሄደው ወደ አንድ ነገር ነው። ያ ክፍል በኋላ የተቀጠለ ነው። ከሥሩም የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ቤቱን ሄጄ አላየሁትም። እነዚህን ምልክቶች አንድ ላይ ግን ብዙ ቤት ውስጥ አይቻቸዋለሁ።

ልስን ሲደርቅ የሚወጣው ስንጥቅ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ነው፤ ጣት አያስገባም። ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠፋ ስንጥቅ ግን የክፍሉ የዳር ግድግዳ እየሰመጠ ነው ማለት ነው። ዳሩ ሲሰምጥ አናቱ ከዋናው ቤት ይለያል። በሩም የማይዘጋው መቃኑ ስለተጣመመ ነው። የወለሉ ድምፅ መለየት ደግሞ ከሥሩ ባዶ ቦታ እንዳለ ይጠቁማል።

በየነባሩ ሰፈር ታሪኩ ያው ነው። ሽንት ቤቱ ከቤቱ ጀርባ ይቆፈር ነበር። ሲሞላ ባሕር ዛፍ ይጋደምበትና አፈር ይለብሳል። ከጎኑ ሌላ ይቆፈራል። ዓመታት ሲያልፉ ሣር በቅሎበት ይረሳል። ከዚያ አንዱ የኪራይ ክፍል ልቀጥል ይላል። መሠረት ሳያወጣ፣ እንጨት ጉልበት ያህል ቀብሮ፣ ስስ ሲሚንቶ አፍስሶ ይጨርሳል። የተጋደመው ባሕር ዛፍ ግን ከሥር እየበሰበሰ ነው።

ስለዚህ ምንም ከመንካትሽ በፊት ይህን ያዢ። እዚያ ወለል ላይ ለሙከራ አትዝለዪ። በዲጂኖ አትምቺው። ብቻሽን አትቆፍሪ። ጉድጓድ ከተገኘ ክብሪትም ሻማም አታቅርቢ፣ ማንም ሰው እንዳይገባ። የጉድጓድ ጋዝ ይቀጣጠላል፤ ሰውም ያፍናል። ሽታው ጠፋ ብለሽ አትዘናጊ፤ ጋዙ አፍንጫን ያደነዝዛል።

መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቂ። በሰፈሩ ዕድሜ የጠገቡ እማማ አይጠፉም። ቡና ላይ ቁጭ ብለሽ «ድሮ የዚህ ግቢ ሽንት ቤት በየት በኩል ነበር?» በይ። ቀጥሎ ከምነግርሽ የፌሮ ሙከራ የእሳቸው ትዝታ ይበልጣል።

ቀጥሎ ባለ 12 ፌሮ፣ ርዝመቱ ሜትር ተኩል፣ ጫፉ የሾለ አዘጋጂ። ከቤቱ ውጭ፣ ከኋላው ግድግዳ አንድ እርምጃ ርቀሽ፣ በየግማሽ ሜትሩ በመዶሻ አስገቢው። ጤነኛ መሬት በእያንዳንዱ ምት ይታገልሻል። ፌሮው ድንገት ሸርተት ብሎ ከወረደ እዚያው አቁሚ። ይህን ስትሠሪ ረጅም ጣውላ አንጥፈሽ እሱ ላይ ቁሚ። ወገብሽን በገመድ ታሰሪ፤ ገመዱን ሁለት ሰው ይያዘው። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። የበሰበሰ ግንድ ሲሰበር አስቀድሞ አይጮህም።

ስንጥቁ ላይ ደግሞ በ2 ቦታ ጀሶ ለጥፊና ቀኑን ጻፊበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ትንሽ ከተነቃነቀ ይሰነጠቃል። ሻጩ የሚያጣድፍሽ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ማርቆስ ውስጥ ቤት የሚታየው በሐምሌ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ቤት እንምጣ። እውነቱን ለመናገር የኋላው ክፍል ቢፈርስም ብዙ አያሳዝንም። ዋጋ ያለው ዋናው ነው። እዚያ ያስፈራኝ የቀለሙ ማበጥ ነው።

የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል። ክረምት ከመሬትም ከአየርም እርጥበት ይስባል፤ በጋ በገጹ በኩል መልሶ ያወጣል። የድሮ ሰዎች ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው፣ ቀናት አሳድረው፣ ረግጠው ይመርጉ ነበር። ከላይ የሚቀቡትም ያንኑ የሚመስል ስስ ነገር ነው፤ እበትና ደቃቅ አፈር። እርጥበቱ በገባበት ይወጣል። ሲሚንቶ ስትለስኚበት ግን በሩን ዘጋሽው። ውሃው ከመሬት መሳቡን አያቆምም። መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። ጉልበት ጋ ሲደርስ ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጠዋል። አንቺ የምታይው ቀለሙን ነው፤ ጉዳቱ ያለው ከውስጥ፣ የቋሚው እግር ላይ ነው። እንጨት ደረቅ ሆኖ ከኖረ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ያ ማለት ከመሬቱ አንድ ስንዝር ወደ ታች፣ አንድ ስንዝር ወደ ላይ። ድሮ ያ ቦታ በበጋ ይደርቅ ነበር። አሁን ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። ሌላም አለ። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ ጭቃ ለስላሳ። ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር ልስኑ አብሮት አይሄድም፤ ይለያያሉ። ልስኑን የያዘው ምስማርና ወንፊት ሽቦ ብቻ ይሆናል። በጣትሽ መገጣጠሚያ አንኳኪው፤ የተለየው ቦታ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል።

ፍኖተ ሰላም አንድ ቤት ላይ እንዲህ ያለ ልስን አንስቻለሁ። ክንድ የሚያህል ሲሚንቶ ሲወርድ ጭቃው አብሮ ተንዶ እግሬ ሥር ወደቀ። የቋሚውን እግር ስይዘው እንደ ቡና አተላ እጄ ላይ ቀረ። ያንኑ እንጨት ከወገቡ በላይ በመዶሻ ስመታው ግን እንደ ደወል ጮኸ። ባለቤቷ ለዚያ ልስን የከፈለችውን ስትነግረኝ አንጀቴ አረረ። ለሽያጭ የሚለሰን ብዙ ቤት እንዲህ ነው እየሆነ ያለው።

ውሃው ከየት እንደሚመጣም እዪ። ማርቆስ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በክረምት ይወርዳል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያው 80 ካሬ ሜትር ቢሆን በዓመት ከ500 በርሜል በላይ ውሃ ያወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ የሚወድቀው ግድግዳው ሥር ነው። አሸንዳ ካለም መውረጃ ቱቦው የት እንደሚያልቅ ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ እዚያው ማዕዘኑ ሥር ያፈሱታል።

ለማጣራት ካቻቢቴ ይበቃል። ግን አስቀድመሽ ቆጣሪው ጋ መብራቱን አጥፊ፤ በጭቃ ቤት ገመዱ ያለ ቱቦ ልስን ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ በየማዕዘኑ፣ ወለሉ አጠገብ፣ መዳፍ የሚያህል ልስን አንሺ። ቋሚውን ስታገኚ ካቻቢቴውን ውጊበት። እንደ ዳቦ ከገባ በስብሷል። ከነጠረ በቢላ ትንሽ ላጪና አሽቺው። ቀላ ብሎ የሚሸት ከሆነ ጥድ ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥድ ወይም ወይራ ያቆሙ ነበር። እነዚህን ምስጥም በቀላሉ አይደፍራቸውም። ከመካከላቸው ነጭ ባሕር ዛፍ ካገኘሽ ያ በኋላ የተተካ ሳይሆን አይቀርም። ሰው እርጥብ ባሕር ዛፍ ከገበያ አምጥቶ፣ ቅርፊቱን እንኳ ሳይልጥ ይተክላል። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

ከ4ቱ ማዕዘን 3ቱ ጤነኛ ከሆኑ ቤቱ ይድናል። የበሰበሰው እግር ተቆርጦ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ በአንድ፣ ጣሪያው በድጋፍ ተይዞ። ሲሚንቶው እስከ ወገብ ይነሳል፤ በጭቃና በኖራ ይለሰናል። ዙሪያውን ቦይ ይወጣለታል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ማዕዘን ከበሰበሰ ግን የምትገዢው መሬቱን ነው፤ በዚያው ዋጋ ተነጋገሪ።

የቀረውን በአጭሩ። ጣሪያው የድሮ ወፍራም ቆርቆሮ ከሆነ ዝገት አይተሽ አትጣይው። የጌጅ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28ቱን አውርደሽ ባለ 35 ብታለብሺ በጥቂት ዓመት ትጸጸቻለሽ። የምጣዱን ሶኬት ፍቺና እዪ፤ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል፣ የመብራት ቀጭን ገመድ አይችለውም። ካርታውን ስትቀበዪ ደግሞ የኋላው ክፍል ፕላኑ ላይ መኖሩን አረጋግጪ። ከሌለ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል።

ሻጩ መዳፍ የሚያህል ልስን አላስነሳም፣ ፌሮም አላስገባም ካለሽ ሂጂ። ቤት አይጠፋም። ከፈቀደና ጉድጓዱ ከተገኘ ክፍሉን በዋጋው ውስጥ አትቁጠሪው። ይፈርሳል፤ ጉድጓዱ በመኪና ተመጥጦ በድንጋይና በገረጋንቲ፣ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ሥራው የሚሠራው ከላይ ሆኖ ነው፤ ሠራተኛ ወደ ታች እንዳይወርድ። ሰው ቢገባበትም ገመድ ወይም መሰላል አውርዱለት እንጂ ተከትሎት የሚገባ አይኑር። አንዱን ሊያወጣ የገባው ሁለተኛውም እዚያው ይቀራል።

አንድ ነገር ግን እስከ ሐምሌ አይቆይም። ግዢውን ተይው፤ ያንን ተማሪ ዛሬ አግኚው። አልጋውን ከኋላው ግድግዳ አርቆ ወደ ዋናው ቤት ያምጣ። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው። ዝናቡ ሲጀምር እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ማደር የለበትም።