ሰባት ቤት ሳይሞላ

ልጆቼ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት አጥንት ላይ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። የጎበጠ ወገብ፣ ተጣሞ የገጠመ ክንድ፣ ከጄሶ ወጥቶ አልታጠፍ ያለ ጉልበት ሳሽ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ዓይኔ ልማዱን አልተወም፤ ከታክሲ የሚወርድ ሰው የትኛውን እግሩን እንደሚያስታምም አያለሁ። ስለ ኒያንደርታሎች፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ስለጠፉት የጥንት ሰዎች፣ ማንበብ ስጀምርም ቀድሞ የያዘኝ አንድ በሽተኛ ነው። ካርድ የሌለው በሽተኛ።

ሰሜን ኢራቅ ውስጥ፣ በኩርዶች አካባቢ፣ ሻኒዳር የሚባል ትልቅ ዋሻ አለ። ራልፍ ሶሌኪ የተባለ አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት በ1950ዎቹ ቆፍሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ) የበርካታ ኒያንደርታሎችን አጽም አወጣ። ከእነሱ አንዱ ሻኒዳር 1 ይባላል። ሲሞት ከ40 እስከ 50 ዓመት ይሆነዋል፤ ለዚያ ዘመን ሽማግሌ ነው። በግራ ዓይኑ ዙሪያ ያለው አጥንት በከባድ ምት ተሰባብሯል፤ በዚያ ዓይን ያይ ነበር ለማለት ይቸግራል። ቀኝ ክንዱ ሰልሏል፣ ከአንድም ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ከክርኑ በታች ደግሞ ጭራሽ የለም። ቀኝ እግሩም ስብራት ነበረበት፣ ያነክሳል። የጆሮው ቀዳዳ ውስጥ አጥንት በቅሎ ስለደፈነው በደንብ አይሰማም ነበር።

ስብራቱ ሁሉ ግን ድኗል። ይቺን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቧት። ሰው እንደተሰበረ ከሞተ የአጥንቱ ጠርዝ እንደሾለ ይቀራል፤ በሕይወት ከቆየ ግን ይሞላል፣ ይለሰልሳል። የዚህ ሰው አጥንት ከጉዳቱ በኋላ ብዙ ዓመት እንደኖረ ይናገራል። አንድ እጁን ያጣ ሰው የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ ስንት ሳምንት እንደሚታገል አውቃለሁ፤ አብሬ ታግያለሁ። ይኼ ሰው በአንድ ዓይንና በአንድ እጅ፣ እያነከሰ፣ አውሬ ከኋላው ሲመጣ ሳይሰማ፣ በአደን በሚኖሩ ሰዎች መካከል አረጀ። ሥጋውን ማን ቆረጠለት? ቦታ ለቀው ሲነሡ ማን ቆሞ ጠበቀው? በየቀኑ የሚደግፈው ሰው ሳይኖር እንዲህ ያለ አካል ይዞ ማርጀት አይቻልም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ በየቀኑ ካየሁት ነው።

አሁን እናንተ ስትናደዱ እርስ በርስ «ኒያንደርታል» እየተባባላችሁ ትሰዳደባላችሁ። የእህቴ ልጆችም እንደዚሁ ናቸው። ደደብ፣ ሻካራ፣ ጎባጣ አውሬ ማለታችሁ ነው። ይህ ስዕል ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ ከሞላ ጎደል ከእኔው ሙያ ስህተት ነው የመጣው።

በ1856 ጀርመን አገር፣ ዱሰልዶርፍ አጠገብ፣ ኒያንደር በሚባል ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የሚያወጡ ሠራተኞች ዋሻ ሲጠርጉ አጥንት አገኙ። የድብ ነው ተባለ። ዮሃን ካርል ፉልሮት የሚባል የአካባቢው መምህር ግን የሰው፣ ያውም እኛን የማይመስል የጥንት ሰው መሆኑን ለየ። ከዚያ ትልልቆቹ ምሁራን መጡ። አንዱ ፈረስ በመጋለብ እግሩ የተንሻፈፈ የሩስያ ኮሳክ ወታደር ነው አለ። ስመ ጥሩው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ደግሞ በልጅነቱ ሪኬትስ (አጥንት የሚያለሰልስ የልጆች በሽታ) የያዘው፣ በስተርጅናው መገጣጠሚያው የታመመ ተራ ሰው ነው ብሎ ፋይሉን ዘጋ። እንግዲህ ልክ የነበረው የትምህርት ቤቱ መምህር ነው።

ትልቁ ጥፋት የመጣው ግን ኋላ ነው። በ1908 ፈረንሳይ ውስጥ ላ ሻፔል ኦ ሴን በተባለ ቦታ አንድ ሙሉ ለመሆን ጥቂት የቀረው የሽማግሌ አጽም ተገኘ። ያወጡት ቡይሶኒ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው፣ ሁለቱ ካህናት ነበሩ። (እምነቴን ይነካብኛል ብላችሁ ይህን ነገር የምትሸሹ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ጿሚ ነኝ። እነዚያ ካህናት አፈሩን በእጃቸው ሲጠርጉ አልፈሩም፣ እናንተም አትፍሩ።) አጽሙ ፓሪስ ለነበረው የጥንት አጥንት ተመራማሪ ማርሴለን ቡል ተላከ። ቡል ጉልበቱ የማይዘረጋ፣ አንገቱ ወደ ፊት የወጣ፣ እንደ ዝንጀሮ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ፍጡር አድርጎ ጻፈው። ጋዜጣው፣ ሙዚየሙ፣ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ሁሉ ከዚያ ቀዳ።

በ1957 ስትራውስና ኬቭ የሚባሉ ሁለት የአናቶሚ ባለሙያዎች አጽሙን እንደገና አዩት። ሽማግሌው አንገቱንና ጀርባውን ክፉኛ አርትራይተስ ይዞት ነበር። ጥርሱም አብዛኛው አልቋል። ጤነኛ ኒያንደርታል እንደ እኔና እንደ እናንተ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። እስኪ አስቡት፤ ከአንድ ሕመምተኛ ሽማግሌ ተነሥቶ የአንድ ሕዝብ ሙሉ መልክ ሃምሳ ዓመት ተሳለ።

ቡልን መኮነን ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልችልም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ገጠር ውስጥ፣ ወገቡ የጎበጠ ገበሬ መጣ። ፊቱ ተጨማዷል፣ ዱላ ይዟል። ዕድሜውን እንኳን አልጠየቅኩትም። የእርጅና ነው ብዬ ማስታገሻ አሲዤ፣ ሁለት እንቅስቃሴ አሳይቼ ሸኘሁት። ከወራት በኋላ ሌላ ባልደረባዬ ዘንድ ሲደርስ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው ደግሞ 38 ነበር። መድኃኒት ጀመረ፣ ግን ወገቡ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ያንን ሰው አልረሳውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም ሰው ዕድሜውን፣ ሥራውንና መቼ እንደጀመረው ሳልጠይቅ ነክቼ አላውቅም። ልጆቼ፣ ሐኪምም ሁኑ ፕሮግራመር፣ ዳኛም ሁኑ ጋዜጠኛ፣ ዓይናችሁ ሥር የወደቀው የመጀመሪያው ነገር ስለሌላው ሁሉ ይናገራል ብላችሁ አትቸኩሉ። ሁለተኛውን ፈልጉ። ደግማችሁ ጠይቁ።

ታዲያ እንዴት ይኖሩ ነበር? አውሮፓንና ምዕራብ እስያን ይዘው፣ በብርድም በሙቀትም ዘመን፣ ከ300,000 ዓመት በላይ ቆይተዋል። የአእምሯቸው መጠን ከእኛ አያንስም። አጋዘንም ማሞዝም (ዛሬ የጠፋውን ጠጉራም ዝሆን) ያድናሉ፣ ጅብራልታር የነበሩት ደግሞ ከባሕር ዛጎልና የባሕር እንስሳ ይበሉ ነበር። ጥርሳቸው ላይ ከደረቀው ቆሻሻ የበሰለ ተክል ተገኝቷል። የበርች ዛፍ ቅርፊት በእሳት አግለው ሙጫ ያወጣሉ፣ በሙጫውም ድንጋዩን ከእጀታው ጋር ያጣብቃሉ። የፊት ጥርሳቸው ክፉኛ ያለቀ ነው፤ ቆዳ በጥርስ ነክሰው በእጃቸው ይፍቁ ስለነበር ይሆናል። ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ድንጋይ ጠርበው መፋቂያ ሲያደርጉ ያየ ሰው፣ ያ ሥራ ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ ይገባዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ደቡብ ፈረንሳይ ያለው ብሩኒኬል ዋሻ ነው። ከመግቢያው 336 ሜትር ገብተው፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጨለማ፣ ከዋሻው ወለል የበቀለውን የድንጋይ ዓምድ እየሰበሩ በክብ ደርድረውታል፣ እሳትም አንድደውበታል። ዕድሜው 176,500 ዓመት ነው። ያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ከእነሱ ሌላ ይህን የሚሠራ አልነበረም።

ደግሞ ስህተት አረምን ብለን መላእክት አናድርጋቸው። ስፔን ኤል ሲድሮን ዋሻ ውስጥ የተገኙት 13 ሰዎች አጥንታቸው ላይ የስለት ምልክት አለ፤ የሰው ሥጋ ተበልቷል። ሻኒዳር ውስጥም አንዱ ሬሳ በአበባ ተቀብሯል ተብሎ ዓለም ሁሉ ተደንቆ ነበር። በኋላ የአበባው ብናኝ በንብ ወይም በጉድጓድ አይጥ የገባ ሊሆን ይችላል ተባለ። እኔም አበባውን በጣም ወድጄው ነበር፤ ስለወደድኩት ብቻ ግን እውነት አላደርገውም።

ከእኛ ጋር ያላቸው ዝምድና ደግሞ የአጎት ልጅ ዓይነት ነው። እነሱ እዚያ ሲኖሩ የእኛው ዓይነት ሰው እዚህ አፍሪካ ነበር። ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው አጽም ከ200,000 ዓመት በላይ ነው፣ እነ ዶክተር ብርሃነ አስፋው አፋር ሔርቶ ያገኙት ደግሞ 160,000። ከዚያ የእኛዎቹ ከአፍሪካ ወጡ፣ ተገናኙ፣ ተዋለዱ። ይህን ያረጋገጠው የዘረመል ተመራማሪው ስቫንተ ፔቦ ነው፤ በ2010 ከክሮሽያ ቪንዲያ ዋሻ በወጡ አጥንቶች የኒያንደርታልን ዘረመል አንብቦ አሳተመ፣ በ2022 ኖቤል ተሸለመ። ዛሬ ከአፍሪካ ውጪ ያለ ሕዝብ ከዘረመሉ ከ1 እስከ 2 በመቶ ከእነሱ የወረሰው ነው። አንዳንዱ ውርስ ከባድ ነው፤ ኮቪድ በሰው ላይ እንዲበረታ የሚያደርገው አንዱ የዘረመል ቁራጭ ከእነሱ የመጣ መሆኑ በ2020 ታውቋል።

«እኛስ?» ትሉኛላችሁ። በ2015 ከጋሞ ደጋ፣ ሞታ ከተባለ ዋሻ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ሰው ዘረመል ተነበበ። ከአፍሪካ እንዲህ ሙሉ ሆኖ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ዘረመል ነው። ተመራማሪዎቹ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ እስያ የተመለሱ ሰዎች ደም መላ አፍሪካን አዳርሷል፣ የኒያንደርታልም ቅንጣት አብሮ ገብቷል ብለው ጻፉ። ወራት ሳይቆይ ሌሎች ባለሙያዎች ኮምፒውተሩ ላይ የተፈጠረ ስህተት አገኙባቸው። እነሱም ለምሥራቅ አፍሪካ ልክ ነው፣ ለመላው አፍሪካ ግን ተሳስተናል ብለው በይፋ አረሙት። እንዲህ ያሉ ሰዎችን አክብሩ። እናም አዎ፣ እኛም ዘንድ አለ። በ2020 በወጣ ሌላ ጥናት በተመረመሩት አፍሪካውያን ሁሉ ላይ 0.3 በመቶ ገደማ ተገኝቷል።

ለምን ጠፉ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔን የሚያሳምነኝ ማነሳቸው ነው። በጣም ጥቂት ነበሩ፣ የተበታተኑም። ሳይቤሪያ የተገኘች አንዲት ሴት እናትና አባቷ በአንድ ወላጅ የሚገናኙ ወንድምና እህት ያህል ይቀራረቡ ነበር። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥረው የሚቆጠር ሰው ስላለን ነው። እነሱ ግን ባዳ ከየት ያምጡ? ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት አበቃላቸው።

ሩማኒያ ውስጥ፣ ኦዋሴ በሚባል ዋሻ፣ በ2002 የአንድ ሰው መንጋጋ ተገኘ። ሰውየው የኖረው ልክ በዚያው በማለቂያቸው ዘመን ነው። የእኛው ዓይነት ሰው ነው፣ ዘረመሉ ውስጥ ግን ከ6 እስከ 9 በመቶ የኒያንደርታል አለ። ሲሰላ ከእሱ ከ4 እስከ 6 ትውልድ ወደ ላይ አንድ ኒያንደርታል ቆሟል ማለት ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ ዘሩን ቢቆጥር ኖሮ፣ ሰባት ቤት ሳይሞላ እዚያ ይደርስ ነበር።